ሽማግሌዎቼና የአንድ ሰዓቱ በረራ

የሚስቴ አባት ርቀትን የሚለካው በሰዓት ነው። ዱባይ አራት ሰዓት ናት፤ ጓንግዡ ዐሥር ሰዓት ተኩል፤ ላሊበላ ደግሞ አንድ ሰዓት፣ «ለዚያውም ሻዩ ሳይቀዘቅዝ»። በመካከል ያለው ተራራና ገደል፣ ሰውና ከብት፣ ለእሱ ከመስኮት በታች የሚያልፍ ጉም ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ወጉ ያስገድደኛል። እዚህ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

መጀመሪያ ያየሁት ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ነው። አስጎብኚ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ነው። የገና ግርግር ካለፈ በኋላ አንድ ነጋዴ ከሴት ልጁ ጋር ይመጣልና ተቀበላቸው ተባልኩ። ስልኩን በጆሮው እንደያዘ ወጣ። ሰላምታዬን ሳይመልስ የእጅ ሰዓቱን አየና «አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም!» አለ፣ አውሮፕላኑን ራሱ ያበረረው ይመስል።

ከማረፊያው እስከ ከተማው ያለው ዳገት አናደደው።

«ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ አንድ ሰዓት፣ ከዚህ እስከ ሆቴሌ ደግሞ ግማሽ ሰዓት? ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?» አለኝ።

ፈገግ አልኩ። ከአስጎብኚ የሚጠበቀው ፈገግታ ነውና።

አብያተ ክርስቲያናቱን ከሰዓት በኋላ አዳረስናቸው። አዳረስናቸው ማለት እሱ ስልክ እያወራ በየደጃፉ አለፈ ማለት ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ስንደርስ አፋፉ ላይ ቆመ፣ ቁልቁል አየ፣ ፎቶ አነሳ። «እንውረድ?» ስለው «ከላይ ታየ አይደል እንዴ? ምን መውረድ ያስፈልጋል?» አለ። በሥራዬ ብዙ ዓይነት ጎብኚ ገጥሞኛል። የታመመ አለ፣ ከፍታ የሚፈራ አለ፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ የወረደ አለ። ጤነኛ ሆኖ፣ እዚያ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ «ታየ» ብሎ የተመለሰ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ሴት ልጁ ወረደች። ጫማዋን ራሷ አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ድንጋዩን በመዳፏ እየዳሰሰች ዞረችው። «የተፈለፈለውን ድንጋይ የት አደረጉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ መልሱን ቆማ መስማቷ ግን አዲስ ሆነብኝ።

ማታ እራት ላይ በዋሻ ውስጥ የተሠራውን ይምርሐነ ክርስቶስን ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች። አባቷ ወደ እኔ ዞሮ «ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል። ከዚያ በእግር ትንሽ ዳገት አለ።»

ሳቀ። «በሁለት ሰዓት እኮ ናይሮቢ ነኝ! ዋሻ ለማየት?»

በማግስቱ እሱ ሆቴል ተኝቶ ዋለ። እኔና እሷ ከሾፌሩ ጋር ሄድን። በጥዱ መካከል ስንወጣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ስለ ሥራዋ አጫወተችኝ፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ። ስንመለስ አመሻሽቶ ነበር። አባቷ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀን፤ ያሳሰበው የልጁ ማምሸት ሳይሆን የነገው በረራ ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሰብኩት እሷን ነው።

ሁለት ዓመት ያህል በስልክም በአካልም ተገናኘን። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት በነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳን አልተቆራረጥንም። በመጨረሻ እንጋባ አልኳት፤ እሺ አለች። «ግን አባቴ ሽማግሌ ይላክ ይላል። ወግ ይወዳል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ወግ የሚወድ ሰው ምን ያህል ክፉ ሊሆን ይችላል አልኩ።

ሽማግሌ አድርጌ የመረጥኩት ሦስት ሰው ነው። አንደኛው ገነተ ማርያም የሚያገለግሉት ሽማግሌው የንስሐ አባቴ። ሁለተኛው አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ ገበሬው አጎቴ። ሦስተኛው ደግሞ ሰፈራችን ትንሽ ሆቴል ያላቸው ጎረቤታችን፤ ንግግር ያውቃሉና። በአውሮፕላን ልላካቸው ስል አባ እምቢ አሉኝ።

«የሰው ልጅ ልንለምን አይደል የምንሄደው? ልመና ላብ ይፈልጋል። ደክመን ስንደርስ ነው የምንከበር» አሉ።

ሚኒባሱ ላሊበላን ገና ጎህ ሲቀድ ለቀቀ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ፤ ሽማግሌ በሚቀመጥበት ቤት ባልገባም መንገዱን ልሸኛቸው አልኩ። ጋሸና ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ወገል ጤናን አልፈን ወደ በሽሎ ወንዝ ገደል ስንወርድ አባ በእጃቸው የያዙትን መስቀል ደጋግመው ሳሙ፤ አጎቴ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ጨብጦ ያዘ። ወርደን ስንጨርስ መውጣቱ አለ። ደሴ አደርን። በማግስቱም ቀኑን ሙሉ ተጉዘን፣ ጣርማ በርን ወጥተን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ዝናብ መትቶን፣ አዲስ አበባ ስንገባ የሦስቱም እግር አብጦ ጫማ አልገባ ብሎ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ። እኔ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። የሆነውን የነገረኝ አጎቴ ነው፤ እሱ ደግሞ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

በወጉ መሠረት ሳይቀመጡ በሩ አጠገብ ቆሙ። ሰውየው ሶፋው ላይ ነበር። «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አለ፤ ራሱ ግን ብድግ አላለም።

«የመጣንበት ጉዳይ አለን፤ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ጎረቤታችን።

«ከላሊበላ ነው የመጣችሁት? ስንት ሰዓት ፈጀ?»

«ሁለት ቀን» አለ አጎቴ።

«ሁለት ቀን!» ሰውየው ከልቡ ሳቀ። ስልኩን አወጣና ካርታ ከፈተላቸው። «እዩት፤ በአየር ሦስት መቶ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት። ምንም አይደለችም! እኔ ሁለት ቀን ቢሰጡኝ ዓለምን እዞራለሁ።»

አባ ካርታውን አላዩትም። «ጌታዬ፣ እኛ የመጣነው በምድር ነው» አሉት።

ጉዳያቸውን ተናገሩ። እሱም ከዘመድ ልማከር፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ አላቸው።

ስለ መመለሱ አልተቀየምኩም። የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ቢል ልጁን አርክሷታል። ላስታ ውስጥም ሽማግሌ ሂዱና ተመለሱ ይባላል። ግን የላስታ አባት «ተመለሱ» ሲል የሚመለሱበትን መንገድ ያውቀዋል። ከየትኛው ሸንተረር እንደመጡ፣ የትኛውን ወንዝ እንደሚሻገሩ፣ የማን ውሻ እንደሚያስቸግራቸው ሁሉ ያውቃል። የሚያደክማቸውን ያህል ያከብራቸዋል። ይሄ ሰውዬ ግን የወጉን ግማሽ ብቻ ነው የወሰደው፤ ማድከሙን።

በሁለተኛው ጊዜም በምድር ሄድን። አባ «ጀምረነዋል» አሉ፣ በቃ። ያንኑ ብርድ፣ ያንኑ ገደል፣ ያንኑ የደሴ አልጋ አየን። እዚያ ቤት ሲደርሱ እንደገና በሩ አጠገብ ቆሙ። በዚህኛው ጊዜ እናቷ ውሃ በትሪ ይዘው ገቡ። በመጀመሪያው ቀን ድምፃቸውም አልተሰማም ነበር። ሽማግሌዎቹ ውሃውን አመስግነው ሳይቀምሱ መለሱ።

«በየት በኩል ነው የመጣችሁ?» ብለው ጠየቁ እናቷ በዝግታ።

«በጋሸና፣ በወገል ጤና በኩል ነው እመቤቴ» አለ አጎቴ።

ትሪው በእጃቸው ላይ ቆመ። «በሽሎን ወርዳችሁ?»

«ወርደን፣ ወጥተን።»

«እኔ የደላንታ ልጅ ነኝ» አሉ። «በሽሎን የወረድኩት በጭነት መኪና ላይ፣ በጤፍ ኬሻ ላይ ተቀምጬ ነው። አሁን እንኳን በሕልሜ እወርዳለሁ።»

ባልየው ከሶፋው ላይ ሆኖ «እሷ ደግሞ ወገል ጤና ከተባለ ማቆሚያ የላትም» አለ። «አውሮፕላን የማያርፍበት አገር! አውሮፕላን ካላረፈበት እኮ የለም ማለት ነው።» ብቻውን ሳቀ። እናቷ ትሪውን ይዘው ወጡ። እሱም ወንድሙ ከቻይና እስኪመለስ መልስ መስጠት እንደማይችል ተናግሮ ሌላ ቀን ቆረጠላቸው። በሩ ላይ ሲሸኛቸው የአጎቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «በአውሮፕላን ኑ እንጂ! ጠዋት መጥታችሁ ማታ ቤታችሁ ናችሁ» አለው።

አጎቴ ይሄንን ሲነግረኝ ፊቱን አዙሮ ነበር። እሱ የማንንም ትከሻ መታ መታ አድርጎ አያውቅም፤ የእሱንም የነካው የለም፣ እስከዚያ ቀን።

ስንመለስ ጉልበቱ አብጦ ወገል ጤና ላይ ከሚኒባሱ ደግፌ አወረድኩት፤ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳን ትከሻዬን ያዘ። ያን ማታ ለእሷ ደወልኩ።

«አባትሽ በሽማግሌ ጉልበት ይጫወታል» አልኳት።

«በአውሮፕላን ብትልካቸው ምን ነበረበት?» አለች።

ስልኩን ዘጋሁት። ብዙ ቀን አልተነጋገርንም። እንዲህ ያለ ቃል ከእሷ አፍ መስማቴ ከአባቷ ሳቅ ሁሉ ባሰብኝ፤ የሰውየው ሰዓት እሷም እጅ ላይ የታሰረ መሰለኝ። ኋላ ላይ ራሷ ደወለች።

«ለእሱ ብዬ አይደለም ያልኩህ» አለችኝ። «እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በደንብ አልበላችም። የአጎትህን ጉልበት በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እባክህ በአየር ላካቸው። እዚህ ቤት ውስጥ በምድር የመጣን ሰው የሚያከብር እናቴ ብቻ ናት፣ እሷም ሁለት ጊዜ አይታቸዋለች። ይበቃል።»

ገነተ ማርያም ሄጄ ለአባ ነገርኳቸው። አሰቡና «በጉልበት ለምነን አልሆነም፤ እስቲ በክንፍ እንሞክር» አሉ።

ስለ አንድ ሰዓቱ በረራ የማውቀው እንዲህ ነው። ማረፊያው ጠዋት ደረስን። በመጀመሪያ የአባ መቋሚያ ችግር ሆነ። ፈታሾቹ «ዱላ ይዞ መግባት አይቻልም» አሉ፤ አባም «ዱላ አይደለም፣ መቋሚያ ነው» አሉ፤ አንዱ ፈታሽ መስቀል ተሳልሞ ይቅርታ እየጠየቀ ወስዶ ከሻንጣ ጋር አስጫነው። ቀጥሎ ጉም ወረደ። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ አልተነሣም ተባለ። ቆይቶ ተነሥቷል ተባለ። ከዚያ ጎንደር ላይ አርፎ እየጠበቀ ነው ተባለ። አጎቴ በየመካከሉ ሰዓቴን እያየ «አንድ ሰዓት ማለት ይሄ ነው?» ይለኛል። ከአዲስ አበባው ሰውዬ አፍ ግን ስለ ጉም ሰምቼ አላውቅም። እሱ የሚቆጥረው በአየር ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ መሬት ላይ የጠበቀው ጊዜ እንደ ወገል ጤና ነው፣ የለም።

ከቀትር በኋላ ተነሣን። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ የወንበሩን እጀታ ያዘ፣ እስክናርፍ አልለቀቀም። አባ መስኮት ጋ ነበሩ። ግንባራቸውን መስተዋቱ ላይ አስጠግተው ብዙ ጊዜ ፈለጉ።

«በሽሎ የት አለች?» አሉኝ።

አስተናጋጇን ጠየቅኋት፤ አታውቅም። ራሴ ጎንበስ ብዬ አየሁ። በደመናው ቀዳዳ በኩል አንድ ቀጭን የተሸበሸበ መስመር ታየኝ። «ያቺ ትመስለኛለች» አልኳቸው።

«ያቺ?» አባ ለረጅም ጊዜ አዩአት። «ሁለት ጊዜ ሞተን የተሻገርናት?» ከዚያ ወደ ወንበራቸው ተደግፈው «ሰውየው ለምን እንደዚያ እንደሆነ አሁን ገባኝ» አሉ። ይሄን ያሉት በሐዘን ነበር። እኔ እንደ እሳቸው ማዘን አልቻልኩም፤ ከላይ ሆኖ ማየትና ከላይ ሆኖ መናቅ አንድ አይደለም።

ደጃፋቸው ስንደርስ ለሽማግሌዎቹ የከፈቱላቸው እናቷ ናቸው። ሰውየው አልነበረም። ራሱ የቆረጠውን ቀን ትቶ ከሁለት ቀን በፊት ጓንግዡ ሄዷል። ለሚስቱ የተወው መልእክት «ሌላ ቀን ይምጡ በያቸው፤ ቅርብ ናቸው» የሚል ነበር።

ይህን ስሰማ እኔ ደጅ ታክሲው አጠገብ ቆሜ ነበር፤ እሷ ወጥታ ነው የነገረችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «አስቀድሜ ያልነገርኩህ እናቴ ይምጡ ስላለች ነው። ግባ፣ ትጠራሃለች» አለችኝ።

«እኔ? በሽማግሌ ቀን?»

«ግባ አለች።»

ገባሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ቆመዋል። እናቷ ነጭ ነጠላቸውን አደግድገው መካከል ላይ ነበሩ፤ ከሶፋው ጫፍ ደግሞ ታላቅ ወንድማቸው፣ ጸጉራቸው የነጣ የደላንታ ሰው፣ ተቀምጠዋል። ያንን ቀን ብለው ከሳሪስ አስመጥተዋቸው ኖሯል።

«ባለቤቴ የለም» አሉ እናቷ። «ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ከቤቴ ባዶውን አይወጣም። ልጅቱ የእኔም ልጅ ናት። ወንድሜ ይኸው፤ የእናት ወገን ነው። እኛ ሰጥተናል።»

ወንድምየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰጥተናል። እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ።

አባ ተቀመጡ። አጎቴ ለመቀመጥ ሲያጎነብስ ጉልበቱ እምቢ አለው፤ እናቷ ፈጥነው ክንዱን ያዙት። ቀስ ብለው አስቀመጡትና ትራስ ከእግሩ ሥር አደረጉለት። ከዚያ አባ መረቁ፣ ረጅም ምርቃት፣ ሁሉም አሜን አለ። እህልና ውሃም ቀመሱ።

ማዕድ ሳይነሣ ስልኩ ጮኸ። ሰውየው ነበር። እናቷ ሳይደብቁ ድምፁን ከፈቱት።

«ሄዱ?» አለ።

«እየበሉ ነው።»

«እየበሉ? መልስ ሳይሰጣቸው?»

«ሰጥቻለሁ። ወንድሜ እዚህ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጩኸት ብቻ ሆነ። «እኔ ሳልኖር? እኔ የቤቱ አባት ሳልኖር? ሌላ ቀን ቢመጡ ምን ይሆኑ ነበር? የአንድ ሰዓት መንገድ እኮ ነው!»

እናቷ እስኪጨርስ ጠበቁት። «አንተም ዐሥር ሰዓት ተኩል ነህ» አሉት። «ለሠርጉ ትደርሳለህ።» ስልኩን ዘግተው ለአባ ወጥ ጨመሩ።

ለሠርጉ ደረሰ። አኩርፎ መጣ፣ አጊጦ ቆመ፣ እንግዶቹን ሁሉ እሱ የጠራቸው ይመስል ተቀበለ። ለአጎቴ «አየህ፣ በአውሮፕላን ስትመጡ ጉዳዩ አለቀ» ብሎ ነገረው። አጎቴም «ልክ ነዎት» አለው። ከዚህ በላይ ለሰውየው መልስ መስጠት ድካም ነው።

ሚስቴ ላሊበላ መጥታ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፈተች። ሴት ልጅ ወለድን። የሚስቴ እናት ከወሊዱ ሳምንት በፊት በመንገድ መጡ፣ ደላንታ ዘመዶቻቸው ጋ አርፈው፣ የገብስ ዱቄትና የምስር ክክ ተሸክመው። አባቷ ሕፃኗን በስልክ ምስል አያት፤ «ለክርስትናዋ እመጣለሁ» አለ።

ክርስትናዋ ገነተ ማርያም፣ በአባ እጅ፣ ማለዳ ነበር የሚሆነው። ቀድሜ ደውዬ «ዋዜማውን ይምጡና እዚህ ይደሩ፤ የጠዋቱ አውሮፕላን የሚያርፈው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው» አልኩት።

«የአንድ ሰዓት በረራ ብዬ አንድ ሌሊት ላባክን?» አለኝ።

ሕፃኗ ተጠመቀች፣ ቆረበች፣ አለቀሰች፣ ተኛች። ወደ ቤት ተመልሰን ማዕድ ከቀረበ በኋላ ደረሰ። አንድም ደቂቃ እንዳልዘገየ ለሁሉም ተናገረ፤ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ነበር ያረፈው። ሕፃኗን አቀፈና ፎቶ አንሱኝ አለ። ከዚያ ወደ አባ ዞረ።

«አባ፣ ያችን ውሃ ትንሽ ብቻ ይድገሙልኝ፤ ለፎቶ።»

ሚስቴ አንገቷን ደፋች። እናቷ ወደ ጓዳ ገቡ።

«ጥምቀት አንዲት ናት፣ ጌታዬ» አሉት አባ በትሕትና።

እሱም ምንም አልመሰለውም። ትከሻውን ነቀነቀ፣ ተቀምጦ በደንብ በላ፣ ጠላው ጥሩ መሆኑን አመሰገነ። ከሰዓት በኋላ ባለው በረራ ሊመለስ ሲነሣ እኔ መኪና ነድቼ አደረስኩት። መንገዱን ሁሉ ስለ አንድ አዲስ መስመር አወራኝ፤ በቀጥታ፣ ሳያርፍ የሚሄድ ነው። «ግሩም ነው» አልኩት። ማረፊያው በር ላይ ሻንጣውን አወረድኩለት፤ እሱም የእጅ ሰዓቱን አይቶ ገባ።